የእስረኛ ላብም ሐቅ አለው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

መድረሳችን የሚቀራ አንድ ልጅ አለ። አባቱ ታስሮ ሳለ እናቱ በየሳምንቱ ስንቅ ቋጥራ፣ በዚህ በባሌ ብርድ ከእስር ቤት በር ላይ ስትቆም ኖራለች። ሰውየው ተፈቶ የነገረኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ስንዴ አርሟል፣ ድንጋይ ተሸክሟል፣ ኩንታል ጭኗል። የክፍያ ቀን ሲደርስ “ይህ ለዚህ ተቆርጧል፣ ያ ለዚያ ተቆርጧል” ተባለና ጥቂት ብር ተሰጠው፤ በአውራ ጣቱ ፈረመ። ስንት ቀን እንደተቆጠረለት፣ ለምን ስንት እንደተቆረጠበት የሚያሳይ ወረቀት አላየም። ሥራ ላይ እያለ ያመለጠችው ጁሙዓም ብዙ ናት።

ይህን ስናገር አንድ ወንድም “በስርቆት የታሰረ ሰው አይደል? ምን አገባን?” አለኝ። ያገባናል! አላህ በቂያማ ቀን እሟገታቸዋለሁ ካላቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሠራተኛን አሠርቶ ደመወዙን የከለከለ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ሠራተኛው ጥፋተኛ ከሆነ ይቅር አላሉም።

“ሕጉ ያስገድደዋል” የሚልም አለ። እውነት ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የተፈረደበት ሰው እንዲሠራ ያዛል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 18 ላይ የግዳጅ ሥራን ከልክሎ የእስረኛን ሥራ ለይቶ አስቀምጦታል። ነገር ግን ዳኛው የፈረደው ዓመት ነው። ላቡን ያለ ሒሳብ ውሰዱ ብሎ አልፈረደም። ገና ፍርድ ያላገኘው የቀጠሮ እስረኛማ በአንቀጽ 20 እንደ ንጹሕ የሚቆጠር ሰው ነው፤ በምን ሐቅ ነው የሚገደደው? ኢትዮጵያ የፈረመችው 29ኛው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት የሚፈቅደው በፍርድ ቤት የተፈረደበትን ሰው ማሠራት ብቻ ነው፤ እሱንም ለግለሰብና ለኩባንያ ማከራየትን ይከለክላል። የተባበሩት መንግሥታት በማንዴላ ስም የሰየማቸው የእስረኛ አያያዝ ደንቦችም እስረኛ ለሥራው ተገቢ ክፍያ እንዲያገኝ፣ ከፊሉን ለቤተሰቡ እንዲልክ፣ ከፊሉ ሲፈታ እንዲጠብቀው ይላሉ። ማንዴላ ራሱ በሮበን ደሴት የኖራ ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ ሰው ነው።

“የሚበላው ከየት ይምጣ? ለቀለቡ ነው የምንቆርጠው” ለሚሉት ደግሞ የኛ ዑለማዎች መልስ ከሰጡ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኗል። የአቡ ሐኒፋ ተማሪ ቃዲ አቡ ዩሱፍ ለኸሊፋው ሃሩን አር-ረሺድ ሲጽፉ፣ የእስረኛ ቀለብ ከበይተል ማል ይውጣ አሉ። ዳቦ ከሆነ ጠባቂዎቹ ይወስዱታልና በወር 10 ዲርሃም ስሙ በመዝገብ ተጽፎ በእጁ ይሰጠው፣ የሚሰጠውም ሰው ታማኝ ይሁን ብለው መከሩ። ስም፣ መዝገብ፣ በእጅ! ዛሬ የምንለምነው ይህንኑ ነው።

ነገሩ ከትግላችንም አይርቅም። መጅሊሳችን በምርጫ ይሁን፣ አወሊያ ይመለስ፣ አሕባሽ አይጫንብን ስላሉ ብቻ ወኪሎቻችን ሐምሌ 27 ቀን 2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት እስር ተፈረደባቸው። በአመለካከቱ የታሰረን ሰው በግዳጅ ማሠራትን 105ኛው ስምምነት ይከለክላል፤ ኢትዮጵያም በ1991 ተቀብላዋለች። ግን ለኡስታዞቻችን ብቻ ጮኸን ስሙን ማንም የማያውቀውን የሲናናና የአጋርፋ ገበሬ ከረሳን፣ ጩኸታችን ለፍትሕ ሳይሆን ለወዳጅ ብቻ ይሆናል። በ1950ዎቹ ከዋቆ ጉቱ ጋር የተነሱት የባሌ አባቶች የተማረሩት መሬታቸውና የላባቸው ፍሬ ስለተወሰደ አልነበረም?

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው፦ ያልተፈረደበት አይገደድ! የተፈረደበት የሠራበት ቀንና የተቆረጠበት ብር በወረቀት ተጽፎ ይሰጠው! ማንበብ የማይችል በቋንቋው ይነበብለት! የጁሙዓ ሰዓት ይከበርለት!

ከኛም የሚጠበቅ አለ። በየመስጂዱ የእስረኛ ቤተሰቦችን እንመዝግብ፤ ከጁሙዓ ሰደቃ ድርሻ እንስጣቸው። ሕግ የተማሩ ወንድሞችና እህቶች ማመልከቻ ይጻፉላቸው። ተራ እየገባን እንጠይቃቸው። ቁርኣን ምግብ የሚያበሉ ደጋጎችን ሲያወድስ ከሚስኪንና ከየቲም ቀጥሎ የጠራው እስረኛን ነውና።

ያለ ወንጀሉ የታሰረውን ነቢዩላህ ዩሱፍን (ዐ.ሰ) ከእስር ያወጣ ጌታ የታሰሩትን ሁሉ ነፃ ያውጣልን፤ የተወሰደባቸውንም ሐቅ ያስመልስልን። አሚን!

ድምፃችን ይሰማ! አላሁ አክበር!