ከእግራችን በታች ያለው ትምህርት

«ቤተ ሙከራ በሌለበት የሳይንስ ትምህርት ከንቱ ድካም ነው» የሚል አስተያየት በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ይሰማል። መሣሪያ ቢሟላ የሚጠላ የለም፤ ዳሩ ግን መሣሪያው እስኪመጣ ተማሪው ቃላትን በቃሉ ሲያነበንብ ይኑር ማለት ከሆነ፥ እኛ ይህን አሳብ ከቶ አንቀበለውም። ምክንያታችንንም ከወላይታ ምድር በተገኘ ማስረጃ እናስረዳለን።

ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለችው የወላይታ ሶዶ ዙሪያዋ ቀይ አፈር ነው። ይህም አፈር በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የወጣው ዓለት በዝናምና በሙቀት እየፈረሰ የተገኘ ነው። ለእንሰቱና ለጎደሬው ሲሳይ ነው፤ በባዶ እግሩ ለሚረግጠው ሰው ግን ጠላት ሊሆን ይችላል። እጅግ የደቀቁ የማዕድን ቅንጣቶች በእግር ቆዳ በኩል ገብተው የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣሉ፤ ቧንቧዎቹ በጊዜ ብዛት ሲዘጉም ፈሳሹ መመለሻ ያጣና እግር ያብጣል። ይህ በተለምዶ ዝሆኔ ከሚባሉት በሽታዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአገራችን በሽታውን ያጠናው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ፥ እግርና ትቢያ ከሚሉ የጽርእ ቃላት «ፖዶኮኒዮሲስ» ብሎ ሰየመው። ጥገኛ ትል አያመጣውም፤ ትንኝ አያስተላልፈውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም።

እነሆ፥ ሥነ ምድርና ሥነ ሕይወት በአንድ እግር ላይ ተገናኙ። ተማሪው በአንዱ ፈተና «እሳተ ገሞራ»፥ በሌላው «ሊምፍ» ብሎ ጽፎ ሙሉ ነጥብ ካገኘ በኋላ፥ ወደ መንደሩ ተመልሶ ያበጠ እግር ሲያይ «እርግማን ነው» ቢል፥ ለመሆኑ ምን ተማረ እንላለን?

ሌሎች ደግሞ «የዘር በሽታ ነውና ከዚያ ቤት አትጋቡ» ይላሉ። እንዲህ ያለው ግማሽ እውነት ከሙሉ ሐሰት የከፋ ነው። በወላይታ ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፥ ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዙ አንዳንድ ጂኖች ሰውን ለዚህ በሽታ እንደሚያጋልጡ አስረድቷል። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም። ያንኑ ጂን የወረሰ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ቢጫማና እግሩን በሳሙና ቢታጠብ ከሕመሙ ይጠበቃል። የታመመውም ቢሆን ዘወትር በማጠብ፥ በቅባት፥ በፋሻና በጫማ እብጠቱ እንደሚቀንስለት፥ በወላይታ ሞሲ ፉት የተባለው ማኅበር ለብዙ ዓመታት በሥራው አሳይቷል።

«ጫማ መግዣ ላጣ ድኻ ትምህርት ምን ይፈይዳል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ድኽነቱን አንክድም። ነገር ግን ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ጫማ ቢያገኝ እንኳ ለበዓልና ለገበያ ቀን ያስቀምጠዋል፤ ወደ እርሻው የሚወርደው በባዶ እግሩ ነው። ጫማው ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው በዚያ በእርሻው ላይ መሆኑን ሊነግረው የሚችለው ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጁ ነው።

ስለዚህ ከመምህራን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። አንድ እፍኝ ቀይ አፈር በውኃ በተሞላ ጠርሙስ ውስጥ ጨምረው ይበጥብጡት፤ አሸዋው ፈጥኖ ሲዘቅጥ፥ ደቃቁ ቅንጣት ግን ለረጅም ሰዓት ውኃውን አቅልቶ ሲቆይ ተማሪዎቹ በዓይናቸው ይዩ። ከዚያም ስለ ቆዳና ስለ ሊምፍ ያስተምሯቸው። የፈተና አዘጋጆችም «ሊምፍ ምንድን ነው?» ብለው ብቻ አይለፉ፤ «በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው እግሩ ስለ ምን ያብጣል? እንዴትስ ይጠበቃል?» ብለው ይጠይቁ።