በ2000 ዓ.ም. የተወለዱ ልጆች ደም ግፊት አሁኑኑ ይለካ

በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ ወይም በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች የሚኖሩ ከሆነና በ2000 ዓ.ም. ግድም የተወለደ ልጅ ካለዎት ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለእርስዎ ነው። ልጁ ዛሬ ወይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ነው፣ ወይ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ ወይ ባጃጅ ይነዳል፣ ወይ ወንድሙን ተከትሎ ደቡብ አፍሪካ እንዲሄድ ገንዘብ እየተፈለገለት ነው። ኳስ ይጫወታል፤ አመመኝ ብሎ አያውቅም። ደም ግፊቱንም ምናልባት ማንም ለክቶለት አያውቅም። ሊለካ የሚገባው ግን አሁን ነው።

ያን ዓመት ያስታውሱት። የበልጉ ዝናብ ቀረ፤ የእህል ዋጋ ጣሪያ ነካ። በመኪና የሚያልፍ ሰው ሀዲያንና ከምባታን ሲያይ እንሰቱም ሣሩም አረንጓዴ ነበርና ረሃብ አለ ቢሉት አያምንም ነበር። በየጤና ጣቢያው ግን ክንዳቸው የሰለለ፣ እግራቸው ያበጠ ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ይመጡ ነበር። “አረንጓዴ ረሃብ” የተባለውም ለዚህ ነው። በሕክምና ወተትና በፕላምፒ ነት ብዙዎቹ ነፍሳቸው ተረፈ፤ ሲያገግሙም ካርዳቸው ተዘጋ። በዚያው ወራት በእናታቸው ማሕፀን የነበሩት ግን ካርድም አልወጣላቸውም። እናት ስትራብ ፅንሱም እንደሚራብ ብናውቅም፣ ከተወለደና ካደገ በኋላ ነገሩ ያለፈ መሰለን።

አላለፈም። ናይጄሪያ ውስጥ ከ1967 እስከ 1970 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የቢያፍራ ጦርነት ጊዜ ከባድ ረሃብ ነበር። ተመራማሪዎች ከአርባ ዓመት በኋላ ወደ ኢኑጉ ከተማ ሄደው 1,339 ጎልማሶችን መረመሩ። በማሕፀንና በጨቅላነት ረሃቡ ያገኛቸው ሰዎች የላይኛው የደም ግፊታቸው ረሃቡ ካለፈ በኋላ ከተወለዱት በአማካይ 7 ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በስኳራቸውም ላይ ችግር ታየ። እነዚህ ሰዎች ሲታዩ ደህና ነበሩ፤ ሠርተው ያድሩ ነበር፤ አብዛኞቹ ረሃቡን በወሬ እንጂ በትዝታ አያውቁትም። በእንግሊዝም ዴቪድ ባርከር የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1989 እ.ኤ.አ. ሲወለዱ ክብደታቸው ያነሰ ሰዎች ሲያድጉ ደም ግፊታቸው ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። እንግሊዝ ሰላም በነበረችበት ዘመን የተወለዱትን ጭምር ነው የመረመሩት። ጉዳቱ እንዲደርስ የግድ ረሃብ መታወጅ የለበትም ማለት ነው፤ የአንዲት ነፍሰ ጡር ማዕድ መጉደሉ ይበቃል።

ነገሩ በዋናነት ከኩላሊት ይጀምራል። እያንዳንዱ ኩላሊት ደምን የሚያጣሩ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት፤ በአማካይ አንድ ሚሊዮን ያህል ናቸው። የሚፈጠሩት ማሕፀን ውስጥ ሲሆን አብዛኞቹ የሚበጁት በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ነው። ልጁ ወሩ ሞልቶ ከተወለደ በኋላ አንድ እንኳ አይጨመርም። እናቱ በእነዚያ ወራት ምግብ ካነሳት ሰውነቱ ያለችውን ለአንጎል ያደላና ከኩላሊት ይቆጥባል። ልጁም ጥቂት ማጣሪያ ይዞ ይወለዳል። አምስት ሰው የሚሸከመውን ሸክም ሦስት ሰው ቢሸከመው ለጊዜው ይራመዳሉ፤ መንገዱ ሲረዝም ግን ይደክማሉ። ጨውን አጣርቶ ለማስወጣት አቅም ያነሰው ኩላሊት የደሙን ግፊት ከፍ ማድረግ ግድ ይሆንበታል፤ ከፍ ያለው ግፊት ደግሞ የቀሩትን ማጣሪያዎች ይጎዳል። የደም ሥሮቹም ያን ያህል ሳይለጠጡ ነው የሚያድጉት።

በድህነት ተፀንሶ በድህነት የሚኖር ሰው ላይ ይህ ጉዳት ሳይገለጥ ሊቆይ ይችላል። የእኛ ከተሞች ግን ተለውጠዋል። ከደቡብ አፍሪካና ከዓረብ አገር በሚላክ ገንዘብ ሆሳዕና ውስጥ ፎቅ ተሠርቷል፤ ገበታውም አብሮ ተቀይሯል። በእግር ይኬድ የነበረው በባጃጅ ይኬዳል፤ ለስላሳው፣ ዘይቱ፣ የተጠበሰው ድንች በየደጁ ነው። ቡናችንንም ብዙዎቻችን በጨው እንጠጣለን። ቀጭጮ የተወለደ ልጅ ድንገት ሲጠግብና ሲወፍር በተፈጥሮ ያነሰው ኩላሊት ይጨነቃል። ቤተሰቡ “አማረበት” ይላል። በእኔ ግምት ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ደስ የሚለን ነገር ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም።

ጊዜው ሲደርስ ምን ይሆናል? ግፊቱ አያሳምምም። ሰውዬው አርባዎቹ ውስጥ ሲገባ፣ ቤቱን ሠርቶ ሳይጨርስ፣ አንድ ጠዋት ግማሽ አካሉ አልታዘዘው ይላል፤ ወይም ኩላሊቱ ደክሞ ቤተሰቡ መሬቱን ሸጦ እጥበት ፍለጋ ይንከራተታል። ለቅሶ ቤት “ምንም አላመመውም ነበር” የምንባባለው ስለ እንዲህ ዓይነቱ ሞት ነው። ልጅዎ ሴት ከሆነች ደግሞ ስታረግዝ ግፊቷ ሊነሳና ፅንሷን ሊያቀጭጭ ይችላል፤ ጉዳቱ ወደ ልጅ ልጅዎ ተሻገረ ማለት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በመላው አገሪቱ በተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉ ሰዎች 16 በመቶ ያህሉ ደም ግፊት እንዳለባቸው ታይቷል፤ አብዛኞቹም አያውቁትም ነበር። ያን ጊዜ የ2000 ዓ.ም. ልጆች ገና አንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለነበሩ በቁጥሩ ውስጥ የሉም።

በማሕፀን ቀጭጮ የተወለደ ሁሉ ይታመማል ማለቴ አይደለም። አስቀድሞ ያወቀ ይጠበቃል፤ ሳያውቅ የቀረ ነው የሚጠቃው። ስለዚህ ልጅዎን ይዘው በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ለዚህ ብለው እስከ ንግሥት እሌኒ መሐመድ ሆስፒታል መድከም የለብዎትም። ከመለካቱ በፊት አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ይረፍ፤ ቡና ጠጥቶ ወይም ጫት ቅሞ አይምጣ። ሲወለድ ትንሽ ከነበረ፣ ያለ ወሩ ከተወለደ ወይም እርስዎ በእርግዝናው ጊዜ ግፊት ከነበረብዎት ለነርሷ ይንገሯት፤ ካልነገሯት የምታውቅበት መንገድ የላትም። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ይጀምር፤ ደህና ከሆነም በየዓመቱ ይለካ። መድኃኒት ከታዘዘለት ደህና ነኝ ብሎ አያቋርጥ፤ ቢጸልይም ክኒኑን እየዋጠ ይጸልይ። የቤቱ ጨው ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም ይነስ፤ ይህም ሞልቶ ያልተረፈረፈ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፤ የወጡም የቡናውም ተደምሮ።

ሌላው ሥራ ያለው ዛሬ ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ነው። በ1990 ዓ.ም. ስለ ሀዲያ ነፍሰ ጡሮች የታተመ ጥናት ከሩብ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ዓይነት ምግብ እንደሚተዉ አሳይቷል። የሚተዉት ወተት፣ አይብ፣ ተልባና ጮማ ሥጋ ነው፤ ዋናው ምክንያታቸውም ምጥ እንዳይከብድ መፍራት ነው። ስትወልድ አታካና በቅቤና በወተት ተሠርቶ ይቀርብላታል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ይጠይቃታል። ከወር በፊት ግን ውኃ ቀድታ፣ ቆጮ ጋግራ፣ ለባልና ለልጆች አቅርባ፣ ከሁሉም በኋላ የተረፈውን ቆጮ በጎመን የበላችው ያችው ሴት ናት። ቆጮ ያጠግባል እንጂ ገንቢ ምግብነቱ አነስተኛ ነው። የፅንሱ ኩላሊት የሚበጀው በእነዚያ ወራት እንጂ በአራስነቷ አይደለም። አማት ከሆኑ ይህን ከእርስዎ ሌላ የሚያስተካክለው የለም፤ ቀድማ ትብላ፣ በቀን አንድ ማዕድ ይጨመርላት፣ ወተቱም ባቄላውም ዕንቁላሉም ይድረሳት። ምጥን የሚያከብደው በልጅነት ሳይጠግቡ ማደግና አጥንት መጥበብ እንጂ በእርግዝና ወተት መጠጣት አይደለም፤ ለከበደ ምጥ መፍትሔው ጤና ጣቢያ መውለድ ነው።

ክትትሏን ሦስት ወር ሳይሞላት ትጀምር፤ የአይረን ክኒኗን ትውሰድ፤ በሄደች ቁጥር ግፊቷ መለካቱን ባሏ ይጠይቅ። ሕፃኑ በተወለደበት ቀን ይመዘን። ከ2.5 ኪሎ በታች ከሆነ ቁጥሩ በክትባት ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ ካርዱም አይጣል። ስድስት ወር ጡት ብቻ ይጥባ፤ ከዚያ ገንፎው ዕንቁላልና ወተት ይግባበት፤ ለማወፈር ተብሎ ግን ስኳርና ለስላሳ አይሰጠው።

እድርና ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እሑድ እሑድ ሰው አንድ ላይ ያገኛሉ። የአጥቢያዎን መሪዎች በዚህ ሳምንት ያነጋግሩ፤ ከአገልግሎት በኋላ አንድ ነርስ መለኪያዋን ይዛ እንድትቀመጥ ከጤና ጣቢያው ጋር ይስማሙ፤ ወጣቶቹም ከፊት ይሰለፉ።