የነደባው ቀይ

ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ የተቀረጹ ማስታወቂያዎችንና የሙዚቃ ክሊፖችን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ነደባው ላይ ነው። የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት፣ ጌ ጋር፣ ውስጡ ከፍና ዝቅ ተደርገው የተሠሩ አምስት መደቦች አሉት። ነደባ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። እነሱም ወለሉም የሚቀቡት በቀይ ነው። ቀዩ እ.ኤ.አ. በ1887 በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት ሰዎች ደም መታሰቢያ እንደሆነ በከተማዋ ሲነገር ኖሯል። በብዙዎቹ ክሊፖች ላይ ግን ይህ ቀለም የለም። ብርቱካንማ ሆኗል፤ ካልሆነም የሸክላ ቡኒ። የኖራው ነጭ ደግሞ ወደ ሰማያዊ አዘንብሏል።

ጥፋቱን ካሜራው ላይ መጫን አይቻልም። እንዲያውም አዲሶቹ ዲጂታል የሲኒማ ካሜራዎች ለጀጎል ተብለው የተሠሩ ይመስለኛል። በአሚር ኑር ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በተገነባው ግንብ ውስጥ ያሉት መተላለፊያዎች አብዛኞቹ የመብራት መኪና አያስገቡም። 82 መስጊዶች ባሉበት ከተማ የአዛን ሰዓትን አክብሮ መሥራት ግድ ነው፤ ጄኔሬተር እያስጮሁ መንደሩን መረበሽም ነውር ነው። ጌ ጋር ውስጥ ብርሃን በዋናነት የሚገባው በበሩ በኩል ነው። ድሮ ያንን ክፍል ለመቅረጽ ትልልቅ መብራቶችን ማስገባት የግድ ነበር። መብራቱ ሲገባ ክፍሉ ይሞቃል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ስፌቶች ጥላቸውን ያጣሉ፣ የቤቱ ሰዎችም በገዛ ቤታቸው እንግዳ ይሆናሉ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን ሶኒ ኤፍኤክስ3 እንውሰድ። ክብደቱ ከነባትሪው ከአንድ ኪሎ በታች ነው። ሎግ በሚባለው የቀረጻ ስልት ሲሠራ ሁለት መነሻ አይኤስኦ (የብርሃን ትብነት መጠን) አለው፤ 800 እና 12,800። በሁለተኛው ሲሠራ ከበሩ የሚገባው ብርሃን ብቻውን ይበቃዋል። በሐረር ማታ ማታ ጅቦች የሚመገቡበትን ቦታ አስቡት፤ ብዙ ጊዜ ብርሃኑ የመኪና ፊት መብራት ነበር። ዛሬ የፊት መብራቱ ቢጠፋ እንኳ ፋኖስ ይበቃል። የቀትሩ ችግር ደግሞ የተለየ ነው። ኖራ የተቀባ ግድግዳ ፀሐይ ሲያርፍበት ያንጸባርቃል፤ ከአጠገቡ በጥላ ውስጥ የቆመችው ሴት ፊት ደግሞ ጠይም ነው። የዛሬ ሴንሰሮች አሥራ ሦስት ስቶፕና ከዚያ በላይ ስፋት ስላላቸው፣ መጋለጡ በጥንቃቄ ከተለካ፣ ሁለቱንም በአንድ ምስል ይይዛሉ። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል፤ ቀለማችን በካሜራ ፊት የሚደበዝዝበት ዘመን ማብቃት ነበረበት።

ታዲያ ቀዩ የት ሄደ? ሎግ ሁሉንም ለመያዝ ሲል ምስሉን ግራጫና የፈዘዘ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። ቀለሙን መልሶ የሚያመጣው ከለሪስቱ ነው። ከለሪስቱ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ተቀምጧል። ጌ ጋር ረግጦ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ዳይሬክተሩ ለማነጻጸሪያ የሚሰጠው የውጭ ፊልም ፎቶ ነው፤ ቆዳው ብርቱካን፣ ጥላው ሰማያዊ። ከለሪስቱ የታዘዘውን ይሠራል። ካሜራው በታማኝነት ያመጣው ቀይ እዚያ ወንበር ላይ ይጠፋል።

ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ከፈረንሳይ ያዘዘው የፎቶ ካሜራ ሐረር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው፤ በጊዜው አዲስ መሣሪያ ነበር። ራሱን አንስቶ ለቤተሰቡ ሲልክ ፎቶዎቹ የነጡት ለማጠቢያ በተጠቀመበት መጥፎ ውሃ ምክንያት እንደሆነ ጽፏል። ፎቶው የተበላሸው ከተነሳ በኋላ፣ በእጥበት ላይ ነው። የኛም ጉዳት የሚደርሰው እዚያው ላይ ነው። ልዩነቱ፣ ራምቦ ያጠበው በነበረው ውሃ ነው፤ እኛ ግን የቤቱን ሰዎች መጠየቅ እንችላለን።

ቀለምን ጨርሶ መተው ይቻላል፤ ያ ውሳኔ ነው፤ አከብረዋለሁ። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ጅብ መጋቢው የሠራችውን አጭር ፊልም «ሃይራት»ን በጥቁርና ነጭ አቀረበችው። በ2021 በሰንዳንስ የታየው «ፋያ ዳዪ»ም እንደዚያው ነው። ካሜራውን ራሷ ይዛ፣ አሥር ዓመት ገደማ እየተመላለሰች ነው የቀረጸችው። ያን ያህል ጊዜ ያየ ሰው ቀለሙን ሲተው ምን እንደሚተው ያውቃል። ሁለት ቀን ውሎ የተመለሰ ቡድን ከስልኩ ላይ በመረጠው ፎቶ ቀለሙን ሲለውጥ ግን ምን እንደለወጠ እንኳ አይታወቀውም።

ባለፉት ዓመታት ወደ ከተማዋ የሚመጣው ካሜራ በዝቷል። የሐረሪዎች በዓል ሹዋሊድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ የበዓሉ ሰሞን ቀረጻ ገና ይበዛል። የሚቀረጸው ደግሞ ነገ የልጆቹ ማስታወሻ ነው። ሐረርን በአካል ያላዩ፣ ውጭ የተወለዱ የሐረሪ ልጆች የአያታቸውን ቤት የሚያውቁት በእነዚህ ምስሎች ነው።

ስለዚህ ለዳይሬክተሮችና ለአዘጋጆች የምለው አለኝ። ካሜራ ለመከራየት ከምትመድቡት ገንዘብ ላይ ጥቂት ቀንሳችሁ ከለሪስቱን ይዛችሁ ሂዱ። ይህ ካልተቻለ በየክፍሉ የመጀመሪያ ቀረጻ ላይ የቀለም ካርድ ነደባው ላይ አስቀምጡና ለሰላሳ ሰከንድ ቅረጹ፤ ወጪው እዚህ ግባ አይባልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራውን ከመዝጋታችሁ በፊት የመጨረሻውን ምስል ለቤቱ እመቤት ላኩላቸው። ቀዩ የእሳቸው ቀይ መሆን አለመሆኑን ይንገሯችሁ፤ አይደለም ካሉም አስተካክሉት።