የሚያስፈራ ጨዋታ ይጠቅማልን?

«እውነተኛው ፍርሃት ሞልቶን ሳለ፥ ደግሞ በጨዋታ ፍርሃት እንፈልጋለንን?» የሚል ጥያቄ በጓደኞቼ መካከል ብዙ ጊዜ ይነሣል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወደ አካባቢያችን በመጣ ጊዜ የተኩስ ድምፅ እየሰማን ያደርን ልጆች ነንና፥ ሽብር ምን እንደ ሆነ ከኮምፒዩተር የምንማረው የለንም። ዳሩ ግን የሚያስፈራ ጨዋታ ሁሉ ጎጂ ነው በሚለው አሳብ አልስማማም። ምክንያቴንም በቅርቡ በተጫወትሁት በአንድ አሮጌ ጨዋታ ምሳሌነት አስረዳለሁ።

ጨዋታው «ሰባተኛው እንግዳ» ይባላል። ሮብ ላንዴሮስና ግሬም ዴቫይን የነደፉት ሲሆን፥ ትሪሎባይት በተባለው የአሜሪካ ኩባንያቸው ተሠርቶ በ1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1993) ወጣ። በዚያን ጊዜ አብዛኛዎቹ ጨዋታዎች በፍሎፒ ዲስክ ይሸጡ ነበር፤ አንዲት ሲዲ ግን ከ400 በላይ ፍሎፒ የሚይዘውን ትይዛለች። ይህ ጨዋታ ሁለት ሲዲ የሞላ ስለ ነበረ፥ ብዙ ሰዎች ለእርሱ ሲሉ የሲዲ ማንበቢያ መሣሪያ ገዙ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሄንሪ ስታውፍ የሚባል ወሮበላ ለጥቂት ገንዘብ ሲል ሴት ይገድላል። ከዚያም በሕልሙ ያያትን አሻንጉሊት ከእንጨት ጠርቦ ይሠራል። አሻንጉሊቶቹ ተወድደውለት ባለጸጋ ይሆናል፤ ነገር ግን የያዟቸው ሕፃናት ባልታወቀ በሽታ ያልቃሉ። በመጨረሻ ታላቅ ቤት አሠርቶ ስድስት እንግዶች ይጠራል፤ ሁሉም የልባቸውን ምኞት ለማግኘት ሲሉ ይመጣሉ። ሰባተኛው እንግዳ አንድ ትንሽ ልጅ ነው። የስታውፍ ስም በላቲን ሲጻፍ ፊደሎቹ ቦታ ቢለዋወጡ ፋውስት ይሆናል፤ ፋውስትም በጀርመኖች ተረት ነፍሱን ለሰይጣን የሸጠ ሰው ነው።

ተጫዋቹ መሣሪያ አይታጠቅም፥ ማንንም አይገድልም። በየክፍሉ እየዞረ እንቆቅልሽ ይፈታል። ለምሳሌ የራስ ቅልና የመቃብር ድንጋይ የተሣለበትን ኬክ ለስድስት እኩል ማካፈል አለበት። መልሱ የጠፋው ሰው በቤተ መጻሕፍቱ ያለውን መጽሐፍ ያማክራል፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ መጽሐፉ ራሱ ይፈታለታል። በራሱ የታገለ ግን ሌላ ደስታ ያገኛል። እርግጥ ነው፥ ጨዋታው ጉድለት አለበት። ተዋናዮቹ ያበዙታልና የሚያስፈራው ቦታ አንዳንዴ ያስቃል፤ ከእንቆቅልሾቹም ብዙዎቹ ከታሪኩ ጋር አይገናኙም።

ለመሆኑ እንቆቅልሽና ፍርሃት አብረው መኖራቸው ለእኛ አዲስ ነገር ነውን? በሲሪንቃ ማታ እሳት ዳር «እንቆቅልህ» ስንባል «ምናውቅልህ» ብለን፥ መልሱ ሲጠፋን አገር ሰጥተን አድገናል። አያቶቻችን ስለ ጭራቅና ስለ ጅብ ሲተርኩልን እየፈራን እንጠጋቸዋለን፤ ሲያቆሙ ግን «ይጨምሩልን» እንላለን። በመጨረሻ «ተረቴን መልሱ፥ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲሉ ፍርሃቱ እዚያው ይዘጋል። ልዩነቱም ይህ ነው። ጦርነት መዝጊያ ቃል የለውም፤ ተረትና ጨዋታ ግን አላቸው። ሕፃን ልጅ መውጫ ባለው ፍርሃት ውስጥ ገብቶ ሲወጣ፥ ፍርሃት የሚያልፍ ነገር መሆኑን ይማራል።

ስለዚህ የምቃወመው ፍርሃትን ሳይሆን፥ አእምሮ ሳያሠራ ደም ብቻ የሚያፈስሰውን ጨዋታ ነው። ያዘነ ሰው፥ የሚወደውን ያጣ ሰው «አልፈልግም» ቢል ደግሞ ልንስቅበት አይገባም፤ የእርሱ ፍርሃት ገና አልተዘጋምና።

አንድ ነገር ልጨምር። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ኩኩሉ የተባለ የስልክ ጨዋታ ሠርቶ፥ የአገራችን ነገር ለጨዋታ እንደሚበቃ አሳይቷል። እኛስ? በሌሊት ማሽላውን ከከርከሮና ከጃርት ለመጠበቅ ማማ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ልጅ፥ ከታች የአገዳው ኮሽታ፥ ከሩቅ የጅብ ጩኸት፥ በየሰዓቱም አንድ እንቆቅልሽ፤ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ቤት ማን ሊሠራ ይችላል? ኮምፒዩተር የምትማሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ይህን አስቡበት። ማለቂያው ላይ ግን ንጋትን ማስገባት አትርሱ።