የአቶም ኃይልና የትውልድ አደራ

በዲላ ዙሪያ ያለው የጌዴኦ ገበሬ እንሰትና ቡናን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚያሳድገው ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለልጅ ልጁም ጭምር ነው። ይህም ምድር በመስከረም 2016 ዓ. ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እኛም የአቶምን ነገር በዚሁ ሚዛን ልንመዝነው ይገባናል፤ ከማመንጫው የሚወጣው አደገኛ ትራፊ ለብዙ ሺህ ዓመታት ጥበቃ የሚያሻው ነውና።

አገራችን በዚህ ጉዳይ ዝም ያለችበት ጊዜ የለም። ፈረንሳይ በ1952 ዓ. ም. በሰሐራ በረሃ ቦምቧን ከሞከረች በኋላ፥ ኢትዮጵያ በኅዳር 1954 ዓ. ም. ከሌሎች አገሮች ጋራ ሆና በዚህ መሣሪያ መጠቀም የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር መጣስ መሆኑን የሚገልጽ ውሳኔ አቀረበች። 55 መንግሥታት ደገፉ፤ 20 ተቃወሙ፤ 26 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። በ1960 ዓ. ም. መጨረሻም መሣሪያው እንዳይስፋፋ የሚከለክለውን ውል ፈረመች።

ይኸው ውል ቦምቡን ሲከለክል ለሰላም የሚውለውን ኃይል ግን ይፈቅዳል፤ ፈቃዱም መቀመጫው ቪየና በሆነው ድርጅት ተቆጣጣሪዎች ዓይን ሥር ነው። መንግሥታችንም በመስከረም 2018 ዓ. ም. ስለ አቶም ማመንጫ ከሩሲያ ጋራ የሥራ ዕቅድ ተፈራርሟል።

እንግዲህ በዲላ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የምትማሩ፥ በየመሥሪያ ቤቱም ሰነድ የምትመረምሩ ወጣቶች፥ «ትራፊው የት ይቀመጣል? ማንስ ይጠብቀዋል? የሚቆጣጠሩትን የራሳችንን ባለሙያዎች መቼ እናሠለጥናለን?» ብላችሁ ጠይቁ። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሥራን ማደናቀፍ አይደለም። ቦምቡን በድፍረት የነቀፍን ሕዝብ ማመንጫውን በዕውቀት ልንቀበለው ይገባናል።