ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ ሕፃኗ የት ናት?

አንድ ሕፃን በተደፈረች ቁጥር ፌስቡካችን በ«ፍትሕ! ፍትሕ!» ይሞላል። ፕሮፋይላችንን እናጠቁራለን፣ ሻማ እንለጥፋለን፣ «መንግሥት የት አለ?» እንላለን። ደግ አደረግን። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ቅር የሚለውም ቅር ይበለው። ሻማ ከለጠፍነው መካከል ስንቶቻችን ነን፣ ጉዳዩ የዘመድ ወይም የጎረቤት ሲሆን፣ ጋቢያችንን ለብሰን «እባክሽ ልጄ፣ ነገሩ በሽምግልና ይለቅ» ለማለት የወረዳዋን ሶሻል ወርከር ደጅ የምንጠናው?

ሶሻል ወርክ ሳስተምር ዓመታት ተቆጥረዋል። ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ በየወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት፣ በየሆስፒታሉ፣ በየመጠለያው አሉ። ስንገናኝ መጀመሪያ የሚያነሱት ደሞዝ እንዳይመስላችሁ። ደሞዙ እንደማያወላዳ ሲገቡም ያውቁት ነበር። የሚያንገበግባቸው ብቻቸውን መቅረታቸው ነው።

ሕጉ እኮ ግልጽ ነው። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባ አይከሰስም ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ደፈነው፤ ቢያገባትም ከተጠያቂነት አያመልጥም አለ። 13 ዓመት ያልሞላትን ሕፃን የደፈረ ከ13 እስከ 25 ዓመት በጽኑ እስራት ይቀጣል። ያለዕድሜ ጋብቻ የፈጸመም እስከ 3 ዓመት፣ ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ እስከ 7 ዓመት ይታሰራል። አባት «ይቅር ብያለሁ» ስላለ የሚዘጋ ፋይል አይደለም። ሕጉ በፊት ለፊት ያስወጣውን እኛ በጓሮ በር እያስገባነው ነው።

ሽምግልናን እየሰደብኩ አይደለም። በሽምግልና ስንት ደም ደርቋል፣ ስንት የድንበር ጠብ በርዷል። ግን እስቲ አስቡት። በዚያ ሽምግልና ላይ የደፋሪው ወገን አለ፣ የልጅቷ አባት አለ፣ ሽማግሌዎች አሉ። ሕፃኗ የት ናት? ካሣውስ ለማን ተከፈለ? ለአባትየው። ታረቁ የተባሉትም ሁለት አባወራዎች ናቸው። እሷ ከማን ጋር ተጣልታ ነው የምትታረቀው? በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የልጅቷን ወገን ይዛ የምትቆመው ያቺ «ቤት አፍራሽ» የምትሏት ሠራተኛ ብቻ ናት።

አንዷ የቀድሞ ተማሪዬ የነገረችኝን ላጫውታችሁ። የጥር ሰርግ ነው። ጠላው ተጠምቋል፣ በጉ ታርዷል። ጥቆማ ደርሷት ከአንድ ፖሊስ ጋር ሄደች። አባት «ልጄ 18 ሞልቷታል» ይላል፣ ወረቀት ግን የለም። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለደች ልጅ ዕድሜዋ የሚታወቀው በአባቷ አፍና በሐኪም ግምት ነው። እንደምንም ሰርጉ ቆመ። ፖሊሱ በማግስቱ ወደ ሌላ ሥራው ሄደ። እሷ ግን እዚያው ሰፈር ነው የምትኖረው። ውኃ የምትቀዳው፣ ቤተ ክርስቲያን የምትስመው፣ ዕድር የምትከፍለው እነሱው ጋ ነው። ቡና መጥራት ተዉ። ልጇን ትምህርት ቤት «የከሳሿ ልጅ» ይሉታል። የድግሱን ኪሳራ የቆጠሩት በእሷ ላይ ነው።

የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ወጥቶልናል። እሰየው። ግን ከቡና መቅረትን የትኛው አዋጅ ይከለክላል? ይሄ የእኛ የጎረቤቶቿ ሥራ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ «ሶሻል ወርከሯ ምን ትሠራ ነበር?» የምንለውም እኛው ነን። እሷ መልስ መስጠት አትችልም። የሕፃኗን ምስጢር መጠበቅ ግዴታዋ ነው። ቲክቶከሩ ማይክ ይዞ ሕፃኗን «ምን አደረገሽ?» እያለ ያስለቅሳል፣ ብዙ ሺህ ሰው ያጋራዋል። «አይሆንም፣ አትቅረጽ» ያለችው ሠራተኛ «ጉድ ልትሸፍን ነው» ተብላ ትሰደባለች። ዝም ማለቷ ሥራዋ ነው። እኛ ጥፋት አድርገን እንቆጥርባታለን።

መሥሪያ ቤቶችም አላችሁ፣ አልረሳኋችሁም። ማታ በ2 ሰዓት ሕፃን ይዛ ከፖሊስ ጣቢያ የወጣች ሠራተኛ ወዴት ትሂድ? መኪናው ለስብሰባ ወጥቷል። የባጃጁን ከኪሷ ትከፍላለች። መጠለያው ሞልቷል ይሏታል። ስንቶቹ ናቸው ሕፃኗን የራሳቸው አልጋ ላይ ያሳደሩ! ጠዋት ግን የሚጠየቁት «ሪፖርት ለምን ዘገየ?» ተብለው ነው። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ የዋለ ሰው ሌሊት ባይተኛ ይገርማል? የሰማችውን የምታራግፍበት ሰው የመደበላት መሥሪያ ቤት ስንት ነው? ከዚያ ትለቅና «ባለሙያ አይበረክትልንም» ይባላል። ኧረ እንዴት ይበርክት!

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ደኅንነት ይቅደም ይላል። በወረቀት። በተግባር ግን የሚቀድመው የቤተሰቡ ስም ነው፣ ከዚያ የሰፈሩ ሰላም፣ ከዚያ የመሥሪያ ቤቱ ገጽታ። ይህን ሰልፍ ልታስተካክል የቆመችው አንዲት የወረዳ ሠራተኛ ናት። ጠላት ብታፈራ ምን ይገርማል?

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ የምለምናችሁ ከፖስት ያለፈ ነገር ነው። በሕፃን ጉዳይ «ሽማግሌ ሁን» ብለው ሲመጡባችሁ «ይሄ የፍርድ ቤት ነው» ብላችሁ መልሱ። የሕፃን ፊትና ስም አታጋሩ። የዕድር ዳኛ የሆናችሁ ያቺን ሠራተኛ ሰው ፊት በስሟ ጠርታችሁ አመስግኗት። አለቃ የሆናችሁ ከሪፖርቱ በፊት «ትናንት በምን ሄድሽ? አብሮሽ ማን ነበር?» በሏት፤ ለብቻዋም አትላኳት።

እናንተ ልጆቼ ደግሞ፣ አሁንም በየወረዳው ያላችሁ፣ «ቤት አፍራሽ» ሲሏችሁ አንገታችሁን አትድፉ። ሕፃን የሚደፈርበት ቤት እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት የፈረሰ ነው።