ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት

ትምህርት ቤት ሲዘጋና በዓል ሲቃረብ የብዙ ቤተሰብ ዕቅድ አንድ ነው፤ ልጆቹን መኪና ውስጥ አስገብቶ ከከተማ ወጣ ማለት። አንዱ አርባ ምንጭ ወርዶ ዶርዜን ሳያይ አይመለስም፤ ሌላው ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደሴ ይሄዳል፤ ሌላው ደግሞ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ጎጃም ዘመድ ይጠይቃል። እነዚህን መንገዶች ሁሉ የሚያመሳስላቸው ረጅም ቁልቁለት ነው። ከጉዞ በፊት የሞተር ዘይትና ጎማ የማያሳይ ሰው ጥቂት ነው። ፍሬኑን ግን «ይይዛል» ብለን በዚያው እናልፈዋለን። ከተማ ውስጥ ጥሩ አድርጎ የሚይዝ ፍሬን ቁልቁለት ላይም እንደዚያው ይይዛል ማለት ግን አይደለም። የዚህ ወር ርዕሳችን ይኸው ነው።

ፍሬንና ሙቀት

ፍሬን መኪናን የሚያቆመው እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ የፍሬን ሸራዎቹ ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን የብረት ዲስክ ግራና ቀኝ ጨምቀው ይይዙታል። ሰበቃው ዲስኩን ያግለዋል፤ ዲስኩም ሙቀቱን ለአየር ይሰጣል። ከተማ ውስጥ አንድ መብራት ላይ የጋለው ዲስክ እስከሚቀጥለው መብራት በረድ ይላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ማረፊያ የለውም።

በቁጥር እንየው። ሰውና ጓዝ ተጨምሮበት 1500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 14.7 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህ 40 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያንኑ መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 25 ጊዜ ያህል ደጋግሞ ከማቆም ጋርም ይስተካከላል። ከዶርዜ ወደ አርባ ምንጭ ከተማ ሲወረድ ከፍታው ከ1000 ሜትር በላይ ይቀንሳል፤ ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይም እንዲሁ ነው። ከጉልበቱ ከፊሉን አየርና ጎማ ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ ይሸከመዋል፤ የሚመርጠው ደግሞ ሹፌሩ ነው።

በመኪና ውድድር ዓለም ይህ ሙቀት ትልቅ ራስ ምታት ነው። የፎርሙላ ዋን መኪኖች የካርቦን ዲስክ አየር የሚያሳልፉ ከ1000 በላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። በራሳቸው መኪና የውድድር ሜዳ ላይ የሚለማመዱ አማተሮችም ልምምዳቸውን የሚጨርሱት አንድ ዙር ፍሬን ሳያበዙ ቀስ ብለው በመንዳት ነው፤ ዲስኩ ሳይቆሙ እንዲበርድ። እኛ የምንወዳደር ባንሆንም ዲስካችን የሚግለው በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

እግራችሁ የሚነግራችሁ ምልክት

«ፍሬን እምቢ አለ» ሲባል ብዙ ጊዜ አንድ ነገር በድንገት የተበጠሰ ይመስለናል። ሙቀት ፍሬንን የሚያደክመው ግን በሁለት መንገድ ነው፤ ልዩነቱንም እግር ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል ነው። ፔዳሉ እንደወትሮው ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የቱንም ያህል ብትረግጡት መኪናው አይገታም። ብዙ ጊዜ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፤ አንዳንዴም ከጎማው በኩል ጭስ ይወጣል።

ሁለተኛው የፍሬን ዘይቱ ሲፈላ ነው። ዘይቱ የእግራችሁን ኃይል ወደ ሸራዎቹ የሚያደርሰው ስለማይታመቅ ነው። ሲፈላ ውስጡ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋ ደግሞ ይታመቃል። ፔዳሉ ልፍስፍስ ይልና ወደ ወለሉ ይሰምጣል። የበለጠ አደገኛው ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም ጥቂት ሰከንድ ቀደም ብሎ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል።

የፍሬን ዘይት በባሕርይው ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ውሃ በገባበት መጠን የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሆኖ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቻል ይጠበቅበታል። እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን መስፈርቱ ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። የዶት 3 ደግሞ ከ205 ወደ 140 ነው። ስለዚህ ዘይቱ ቢጎድልም ባይጎድልም በየሁለት ዓመቱ ገደማ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። «ትንሽ ጨምርበት» ብሎ ማለፍ አሮጌውን አዲስ አያደርገውም።

እንዴት እንውረድ?

ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት፣ ፍጥነት ሳትይዙ፣ ማርሽ ቀንሱ። ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ የድሮ ሹፌሮች ምክር ነው፤ አሁንም ይሠራል። መኪናችሁ አውቶማቲክ ከሆነ ዝቅተኛውን ማርሽ የምትመርጡበት ቦታ አለው፤ እሱን ተጠቀሙ። ሞተሩ ጮክ ቢል አትደንግጡ፤ የዙር መቁጠሪያው ቀዩን እስካልነካ ድረስ ጉዳት የለውም።

ፍሬኑን በስሱ ረግጣችሁ ለረጅም ጊዜ አትያዙት። ፍጥነቱ ሲጨምር ጠበቅ አድርጋችሁ ረግጣችሁ ቀንሱት፤ ከዚያ እግራችሁን ሙሉ በሙሉ አንሱ። በመሃል ዲስኩ አየር ያገኛል። ፍጥነቱ ቶሎ ቶሎ የሚያስረግጣችሁ ከሆነ ማርሹ ገና አልቀነሰም ማለት ነው።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መውረድ ትልቅ ስህተት ነው፤ ሸክሙን ሁሉ ለፍሬኑ ይሰጠዋል። ነዳጅም አይቆጥብም፤ የዘመኑ ሞተሮች በማርሽ ሲወርዱና እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ሲነሳ ነዳጅ መርጨታቸውን ያቆማሉ። ሞተር ማጥፋት ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ የፍሬኑም የመሪውም አጋዥ ኃይል ይጠፋል።

ሽታ ከሸተታችሁ ወይም ፔዳሉ ከተለወጠባችሁ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፤ ጎማውን በድንጋይ ታኮ አድርጉ፤ ግማሽ ሰዓት ያህልም ጠብቁ። ልጆቹ የጋለውን ጎማና ቸርኬ እንዳይነኩ ተጠንቀቁ። ለማቀዝቀዝ ብላችሁ ውሃ አትድፉበት፤ የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ፔዳሉ በጉዞ ላይ እያላችሁ ከሰመጠ ደጋግማችሁ ቶሎ ቶሎ ርገጡት፤ ማርሹን አንድ በአንድ ቀንሱ፤ የእጅ ፍሬኑንም ቀስ በቀስ ሳቡ። ከገደሉ ራቁ፤ ወደ ተራራው ጎን ተጠጉ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ

የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ቤተሰብ በዝቷል። እነዚህ መኪኖች ቁልቁለት ሲወርዱ በሞተራቸው ኃይል ባትሪያቸውን እየሞሉ ፍጥነታቸውን ይገታሉ፤ ፍሬኑ ብዙም አይደክምም። ልብ በሉ ግን፣ ባትሪው 100 በመቶ ከሞላ ተጨማሪ ኃይል የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ያኔ ይህ እገዛ ይቀንሳል ወይም ይቆማል፤ ሸክሙም በሙሉ ወደ ዲስኩ ይመለሳል። የኤሌክትሪክ መኪና በባትሪው ምክንያት ከባድ መሆኑን ደግሞ አትርሱ። ተራራ ላይ አድራችሁ ጠዋት የምትወርዱ ከሆነ ባትሪውን 80 ወይም 85 በመቶ ላይ አቁሙት። እግረ መንገዳችሁን ደግሞ በሳምንት አንዴ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ርገጡ፤ የማይሠራ ዲስክ ዝገት ይይዘዋል።

ጋራዥ ስትሄዱ

ለመካኒኩ «ፍሬኑን እየው» ከማለት ይልቅ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የሸራው ውፍረት ስንት ቀረ? 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ከደረሰ ጉዞ ሳይጀመር ይቀየር። ሁለተኛ፣ የዲስኩ ውፍረት ስንት ነው? ብዙ ዲስኮች ላይ የተፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት በሚሊ ሜትር ተቀርጿል፤ ከአዲሱ ጋር ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዲስኩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ሲላጭ ውፍረቱ ይቀንሳል፤ የሳሳ ዲስክ ደግሞ ሙቀት የመያዝ አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ቶሎ ይግላል። ሦስተኛ፣ የፍሬን ዘይቱ መቼ ተቀየረ? መልሱን የሚያውቅ ከሌለ ይቀየር።

ዲስክ ስትገዙ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀይሩ። የፊት ጎማ ፍሬን ከኋላው የበለጠ ሥራ ስላለበት የብዙ መኪኖች የፊት ዲስክ ድርብ ነው፤ በሁለቱ ብረቶች መሃል አየር የሚያልፍበት ክፍተት አለው። መኪናችሁ ከፋብሪካ በዚህ ከመጣ በርካሽነቱ ተታላችሁ በነጠላ አትተኩት። ለዓይን የሚያምሩት ባለ ቀዳዳ ዲስኮችም ለቤተሰብ መኪና አያስፈልጉም፤ ሙቀት ሲደጋገምባቸው በቀዳዳዎቹ ዙሪያ መሰንጠቅ ሊጀምሩ ይችላሉ። ከመኪናው ጋር የሚስማማ፣ ውፍረቱ ትክክለኛ የሆነ ለስላሳ ዲስክ ከጥሩ ሸራ ጋር ይበቃል።

አዲስ ሸራና ዲስክ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች እስኪላመዱ ድረስ ሙሉ ኃይላቸው አይገኝም። ስለዚህ ሥራውን ለጉዞው ዋዜማ አታቆዩት፤ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ አሠርታችሁ ከተማ ውስጥ ንዱበት። መልካም ጉዞ!